አርባ ሰው የሚያስተናግደው ቤት

ወይዘሮ ወለተሐና የአሥራ አንድ ቤት ቁልፍ በእጃቸው ነው፤ ከአሥራ አንዱ ግን አንዱም የእርሳቸው አይደለም። የራሳቸው ቤት ቁልፍ የለውም፤ ከውስጥ የምትገባ የወይራ መቀርቀሪያ ብቻ ናት ያለችው።

ቤቶቹ ያሉት በጥድ አምባ ነው። ጥድ አምባ ከጎረቤላ ወደ አልዩ አምባ የሚወርደው መንገድ ገደሉን ከመያዙ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ሜዳ የሚያገኝባት ትንሽ መንደር ናት። ከእርሷ በታች ሙቀቱ፣ ከእርሷ በላይ ብርዱ ይጀምራል። ክረምቱ አልፎ በቆላው ወንዞች ዳር ወባ ሲነሣ፣ የአልዩ አምባ ነጋዴዎችና ገበሬዎች ሕፃናትንና አረጋውያንን ይዘው ይወጡና ከመስከረም እስከ ኅዳር ይሰነብቱባታል። ከላይ በኩል የሚመጣው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሳቸውም የደብረ ብርሃኑ ጡረተኛ የሒሳብ መምህር አቶ ዘሥላሴ ናቸው፤ የታኅሣሥ ውርጭ ደረታቸውን ሲይዛቸው ወደዚህ ይወርዳሉ። በቀረው የዓመቱ ክፍል ቤቶቹን የሚጠብቁት ወይዘሮ ወለተሐና ናቸው። በየአሥራ አምስት ቀኑ አሥራ አንዱንም በር ይከፍታሉ፤ እርጥበትና ነቀዝ እንዳይገባ የጥድ ቅጠል ያጨሳሉ፤ የጣሪያውን ሚስማር ይፈትሻሉ፤ ይዘጋሉ። ለዚህም ከቆላ ሙዝ፣ በርበሬና ጥጥ፣ ከደብረ ብርሃን ደግሞ በየዓመቱ አንድ የዘመን መቁጠሪያ ይላክላቸዋል።

ስድሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። አባታቸው መሪጌታ ገብረአማኑኤል የመንደሩን ደብር ሲያገለግሉ ኖረው ያረፉ ሰው ነበሩ። ልጃቸውን ፊደል አስቆጥረው ዳዊት አስደገሙ፤ ሁለት ሥርዓትም አስተማሩ፤ አንደኛው የሰው ዕቃ በተሰጠበት ሁኔታ እንዲመለስ፣ ሁለተኛው በሌለ ሰው ላይ ክፉ እንዳይነገር። ባለቤታቸው ወልደ ሰንበት ግንበኛ ነበሩ። ከአሥራ አንዱ ቤት ሰባቱን የሠሩት እርሳቸው ናቸው፤ ካረፉ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ስለዚህ ወይዘሮ ወለተሐና በየሁለት ሳምንቱ በር በከፈቱ ቁጥር የሚገቡት ወደ ጎረቤት ቤት ብቻ አልነበረም፤ ወደ ባላቸው የእጅ ሥራም ነበር።

የመጀመሪያዋ ቁልፍ የመጣችው ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት ነው። ዙቤዳ የምትባል የአልዩ አምባ ነጋዴ በትኩሳት የምትንቀጠቀጥ ሴት ልጇን በበቅሎ ጭና ዳገቱን ስትወጣ መሸባት፤ ወይዘሮ ወለተሐና አስገቧት። ልጅቱ፣ ሌይላ፣ በዘጠኝ ቀን ዳነች። ዙቤዳ በተከታዩ ዓመት ከዚያው ደጃፍ አጠገብ ቦታ ጠይቃ ባለሁለት ክፍል ቤት አሠራች፤ ኅዳር ሲያልቅ ቁልፉን ለወለተሐና ሰጥታ ወረደች። ሌሎቹ አሥሩ ይህን እያዩ ተከተሉ። ሁለቱ ሴቶች ከዚያ ወዲህ አንዷ ሌላዋን ሳታማክር የዳረችው ልጅ፣ የሸጠችው በሬ የለም። ዛሬ ሁለቱም አንቱ የሚባሉ ሆነዋል፤ እርስ በርሳቸው ግን አሁንም አንቺ ናቸው።

እዚህ ላይ ስለ አንድ የአገሩ ልማድ መናገር ያስፈልጋል፤ የተፈጠረው ሁሉ የተፈጠረው በእርሱ ነውና። በዚያ አገር ባለቤት የራሱን ቤት ያሳንሳል፤ ጎረቤት ያገዝፈዋል። ባለቤቱ ደጁን ሲከፍት ‹‹ጎጆዬ ጠባብ ናት፣ ይቅርታ›› ይላል፤ ጎረቤቱ ደግሞ ‹‹ኧረ ይህ ቤት አገር ይችላል!›› ብሎ ያርመዋል። ሁለቱም ልኩን አልተናገሩም፤ ሁለቱም አልዋሹም፤ ልኩን በመካከል ፈልጎ ማግኘት የሰሚው ሥራ ነው። ደግሞም ስለሄደ ሰው ‹‹የለም›› አይባልም፤ ማሟረት ይሆናል። ‹‹ወጣ ብሏል፣ ይመጣል›› ነው የሚባለው፤ የወጣው ከአራት ወር በፊት ቢሆንም።

ባለፈው ዓመት የካቲት ውስጥ አዲሱን የቤት ግብር የሚመዘግብ አንድ ወጣት ባለሙያ ከንዑስ ማዘጋጃ ቤቱ መጣ። ትሑት ነበር፤ ታብሌቱን በሁለት እጁ ይዞ በየደጁ ይቆማል። ልማዱን ግን አያውቅም፤ ከሩቅ አገር የተመደበ ነው። ወራቱ ደግሞ የቆላ ሰዎች በቆላ፣ አቶ ዘሥላሴም ተመልሰው በደብረ ብርሃን ያሉበት ነበርና ያገኘው ባለ ቁልፏን ብቻ ነው።

‹‹እማማ፣ ይህ የማን ቤት ነው?››

‹‹የዙቤዳ። የአልዩ አምባዋ።››

‹‹የሉም?››

‹‹ወጣ ብላ ነው፤ ትመጣለች።››

‹‹ዓመቱን ሙሉ ሰው አለበት ማለት ነው?››

‹‹አሳምሮ!››

‹‹ስንት ሰው ያስተናግዳል?››

‹‹የልጇ ሰርግ ጊዜ አርባ ሰው ተስተናግዶበታል። ቁጭ ብሎ፣ በልቶ፣ ጠጥቶ። አንድም ሰው ከፋኝ አላለም።››

ወጣቱ ጻፈ። ስለ ሁለተኛው ቤት ሲጠይቅ ‹‹ሹም ቢመጣ የማያሳፍር ነው›› ተባለ፤ ጻፈ። የአቶ ዘሥላሴን ቤት ሲጠይቅ ‹‹በውስጡ ያለውን መጽሐፍ ብታይ ጎረቤላ አንድ ላይ ተሰብስቦ አንብቦ አይጨርሰውም›› ተባለ፤ እርሱንም ጻፈ። አሥራ አንዱ ሲያልቅ ‹‹እንደ ምስክር ይፈርሙልኝ›› አለ። ወይዘሮ ወለተሐና የአባታቸውን የሚመስል ጥሩ የእጅ ጽሕፈት ነበራቸው፤ አሳምረው ፈረሙ። በዚያ ቀን የጎረቤቶቻቸውን ስም ከፍ አድርገው እንደዋሉ ቈጥረው ደስ ብሏቸው እራታቸውን በሉ።

የግብር ማስታወቂያው በሚያዝያ ወጣ። የወይዘሮ ዙቤዳ ቤት ‹‹የእንግዳ ማረፊያ፤ የመቀበል አቅም አርባ ሰው፤ አገልግሎት ዓመቱን ሙሉ›› ተብሎ ተመድቧል። የአቶ ዘሥላሴ ቤት የንባብ ማዕከል ሆኗል። የተጠየቀው ግብር ለመኖሪያ ቤት ከሚከፈለው ዘጠኝ እጥፍ ነበር፤ የመክፈያው ቀን እስከ ሰኔ ሠላሳ።

በግንቦት መጀመሪያ ወይዘሮ ዙቤዳ ያለ ወራታቸው ዳገቱን ወጡ። ጃንጥላቸውን አጥፈው በጎረቤታቸው ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ሰላምታው ሳያልቅ ተናገሩ።

‹‹ወለቴ፣ ልሸጠው ነው።››

‹‹ምኑን?››

‹‹ቤቱን ነዋ። አንድ የጫጫ ነጋዴ ምስር ሊያከማችበት ይፈልጋል።››

‹‹በዚህ ቤት? ምስር?››

‹‹ምስር አይታመምም፣ አያረጅም፣ ግብር መጣ ሲሉት አይደነግጥም። እኔ ግን ይህን አልችለውም። እንኪ፣ አንብቢው፤ መነጽሬን ትቼ መጥቻለሁ።››

ወይዘሮ ወለተሐና ወረቀቱን ተቀብለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማንበብ ጀመሩ። ‹‹አርባ›› የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

‹‹እሱን ነው የምልሽ!›› አሉ ወይዘሮ ዙቤዳ። ‹‹ማነው ይህን ያለ? ምን አድርጌው ነው? ስሙን ብቻ ንገሪኝ፣ ዛሬ ጃንጥላዬ ይሰበርበታል!››

‹‹እኔ ነኝ።››

ወይዘሮ ዙቤዳ ጓደኛቸውን ለጥቂት ጊዜ አዩዋቸው። ከዚያ ሳቅ ያዛቸው፤ ከድንጋዩ ላይ እስኪንሸራተቱ ድረስ ሣቁ።

‹‹አርባ! ያ አላህ! ስታጋንኚ እንኳን ሃያ ላይ አትቆሚም?››

‹‹አላጋነንኩም። የሌይላ ሰርግ ጊዜ አንድ በአንድ ቆጥሬያለሁ።››

‹‹በዳስ እኮ ነው፣ አንቺ ሴትዮ! ግቢውን ሞልተን!››

‹‹ዳሱን ማን ጠየቀኝ?››

ሣቁ አለቀ፤ ወረቀቱ ግን በወይዘሮ ወለተሐና እጅ እንዳለ ነበር። ወይዘሮ ዙቤዳ እያዘኑ ተነሡ፤ ለጫጫው ነጋዴ እስከ ሰኔ መጨረሻ መልስ እንደሚሰጡ ቃል ገብተዋል። ያን ዕለት ወይዘሮ ወለተሐና ከራሳቸው ጋር ሲነጋገሩ ዋሉ። ጎረቤት ይሄዳል፣ ጎረቤት ይመጣል፤ ይህን ያውቃሉ። ሃያ ስምንት ዓመት የተቀመጠ ጎረቤት በራሳቸው አንደበት ተገፍቶ ሲሄድ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። ለእርሳቸው ነገሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ብቻ ሆነ፤ ዙቤዳ ትሸጣለች ወይስ አትሸጥም።

ባለቤቶቹም ዝም አላሉም። በአልዩ አምባ በገበያ ቀን ከባለቤቶቹ አንዱ በሆኑት በሀጂ ዓወል ሱቅ ውስጥ፣ በጥጥ ከረጢት ላይ ተቀምጠው ተሰበሰቡ። ሀጂ ዓወል ሰብሳቢ፣ አቶ ዘሥላሴ ጸሐፊ ሆነው ተመረጡ። አቶ ዘሥላሴ ከደብረ ብርሃን ይዘውት የመጡት አቤቱታ ዘጠኝ ገጽ ነበር፤ ስለ ግብር አጀማመር ያትታል፣ ሁለት ሠንጠረዥም አለው።

‹‹መምህር፣ ይህ አቤቱታ ነው ወይስ ፈተና?›› አሉ ሀጂ ዓወል።

‹‹ጉዳዩ በሚገባ መብራራት አለበት፣ ሀጂ።››

‹‹አንባቢውም እስኪጨርሰው በሕይወት መቆየት አለበት።››

ዘጠኙ ገጽ ተጨቃጭቀውበት አንድ ገጽ ሆነ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ግን በአቶ ዘሥላሴ ቃል ቀረ፤ መቅረትም ይገባው ነበር፦ ‹‹ግብር እንከፍላለን፤ የምንከፍለው ግን ያለንን ቤት ግብር ነው።›› ከተሰበሰቡት መካከል ግብር አልከፍልም ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ችግር የፈጠረው የየቤቱ መግለጫ ነው፤ እያንዳንዱ ባለቤት ልማዱን ተከትሎ የራሱን ቤት ማሳነስ ጀመረ። አንዱ ገበሬ ‹‹የእኔ ውስጥ የምትገባው ዶሮ ናት፤ እርሷም ጎንበስ ብላ ነው›› ብሎ እንዲጻፍለት ጠየቀ።

‹‹የጣሪያው ቁመት ሁለት ሜትር ከዐሥር ነው፤ እኔ ለክቼዋለሁ›› አሉ አቶ ዘሥላሴ ብዕራቸውን ሳያነሡ። ‹‹ዶሮዋ ስንት ሜትር ናት?››

ማመልከቻው ገባ። የቅሬታ ሰሚው ጉባኤ ሰብሳቢ ወይዘሮ ሠናይት የአርባ ዓመት ሴት ናቸው፤ ፈጣን፣ ፍትሐዊ፣ ሰዓታቸውን አክባሪ። የአገሩ ልጅ በመሆናቸው ልማዱን ጠንቅቀው ያውቁታል፤ ያም ለባለቤቶቹ መልካም አልሆነላቸውም።

‹‹ባለቤት ስለራሱ ቤት የሚናገረውን አልመዘግብም›› አሉ ባለቤቶቹ በቀረቡ ቀን። ‹‹እናቴም ቤቷን የከብት ማደሪያ እያለች ነው ያሳደገችኝ። መዝገቡ ላይ የፈረመችው የጎረቤት ምስክር ናት፤ ቃሏን ማረም የምትችለውም እርሷው ናት። እትዬ ወለተሐና፣ ይቅረቡ። ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?››

‹‹የእኔ ነው።››

‹‹የወይዘሮ ዙቤዳ ቤት ሰፊ ነው ወይስ ጠባብ?››

አሥራ አንዱም ባለቤቶች ወደ ወይዘሮ ወለተሐና ዞሩ። የሚጠበቀው አንድ ቃል ብቻ ነበር። ወይዘሮ ወለተሐና የነጠላቸውን ጫፍ ጠቀለሉ፣ ፈቱ።

‹‹ቤቱን የሠራው ባለቤቴ ነው፣ ነፍሱን ይማርና።››

‹‹ይማርልን። ጥያቄዬ ግን እርሱ አይደለም።››

‹‹የማዕዘን ድንጋዩን ከወንዝ በጫንቃው ነው ያወጣው። ሁለት ቀን ፈጅቶበታል።››

‹‹እትዬ። ሰፊ ነው? ጠባብ ነው?››

ወይዘሮ ዙቤዳ አጠገባቸው ተቀምጠው እየሰሙ፣ የሟች እጅ ሥራ የሆነውን ቤት በሹም ፊት ማዋረድ ለእርሳቸው የሚቻል ነገር አልነበረም።

‹‹መልካም ቤት ነው›› አሉ።

ሀጂ ዓወል ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። አቶ ዘሥላሴ ብዕራቸውን ከደኑት። ወይዘሮ ዙቤዳ አንገታቸውን ደፉ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እየሣቁ ነው።

ወይዘሮ ሠናይት መዝገቡን ዘጉ። ‹‹እንግዲያው ጉባኤው በዓይኑ ያያል። ሰኔ አሥራ ስምንት፣ ከቀኑ በስድስት ሰዓት። ከዚያ በኋላ ሌላ ቀጠሮ የለም።››

በማግስቱ ወይዘሮ ወለተሐና ማንንም ሳያማክሩ ወደ አልዩ አምባ ወረዱ፤ ከዚያም በመንደራቸው ዞሩ፤ በመጨረሻም የደብሩን አስተዳዳሪ አናገሩ። ምን እንደሚያደርጉ ለጠየቃቸው ሁሉ የሰጡት መልስ አንድ ነበር፤ ‹‹ሰው ልጋብዝ ነው።››

ሰኔ አሥራ ስምንት ጠዋት ጉሙ ከገደሉ ሥር ወጥቶ መንደሯን ሸፈናት። ወይዘሮ ሠናይት ሁለት የጉባኤ አባላትና ያን ወጣት ባለሙያ አስከትለው ሲደርሱ በወይዘሮ ዙቤዳ ግቢ ውስጥ ያልጠበቁትን አዩ። በአጥሩ ዙሪያ፣ ከጉሙ ውስጥ አንድ በአንድ እየተገለጠ፣ ሰው ቆሟል። ባለቤቶቹ ከነቤተሰቦቻቸው፤ ሁለት ቄሶች፤ የአልዩ አምባው ኢማም ወንድም የሆኑት ሀምዳን፣ ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ሸክላ ነጋዴ፤ ሌይላ ከባሏና ከሦስት ልጆቿ ጋር። ወይዘሮ ወለተሐና የበዓል ቀሚሳቸውን ለብሰው በሩ ላይ ቆመዋል።

‹‹ምንድን ነው ይህ?›› አሉ ወይዘሮ ሠናይት።

‹‹አርባ ሰው ነው፣ ልጄ። አርባ ያስተናግዳል ብዬ ፈርሜያለሁ። ፊርማዬን አከብራለሁ። ይግቡ፤ እናንተ እንግዶች ናችሁና ከእናንተ እንጀምር። አንድ!››

ይህን ብለው ሰብሳቢዋን በክንድ ይዘው አስገቧቸው፤ ከጥጉ ባለው አልጋ ላይም አስቀመጧቸው። አባላቱ ሁለትና ሦስት፣ ወጣቱ ባለሙያ አራት ሆነ። አቶ ዘሥላሴ ሜትራቸውን ዘርግተው እየለኩ ገቡ፤ አምስት። በዚያው ቅጽበት ዝናቡ መጣ፤ የቀረው ሰው መጋበዝ አላስፈለገውም።

‹‹ቁጭ እያላችሁ!›› እያሉ ወይዘሮ ወለተሐና ከበር ያዝዛሉ። ‹‹ቁጭ ብሎ ነው ያልኩት፤ መቆም የለም! አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት... አባ፣ እግርዎን ሰብሰብ። ሌይላ፣ ልጁን ለእትዬ ሠናይት ስጫት፤ እጇ ባዶ ነው።››

በአሥራ አምስተኛው አልጋው ጮኸ። በአሥራ ዘጠነኛው ወጣቱ ባለሙያ ታብሌቱን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ያዘ፤ ዝቅ የሚያደርግበት ቦታ አልነበረም። በሃያ አንደኛው የአንዱ ቄስ ጢም በሀጂ ዓወል ጆሮ ውስጥ ገባ።

‹‹አባ፣ የሚነግሩኝ ምሥጢር አለ?›› አሉ ሀጂ።

‹‹መተንፈስ ብቻ ነው የፈለግሁት።››

ሃያ ሦስተኛው ሀምዳን ነበሩ። በጎናቸው ሞከሩ፣ በጀርባቸው ሞከሩ፤ ከኋላ የነበሩት ዝናብ የመታቸው ሰዎች ገፏቸው። የበሩ መቃን ተሰነጠቀ፤ ሀምዳንም ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ሆነው ቀሩ። ቤቱ በሣቅ ተናወጠ፤ ከሁሉ በላይ የሚሣቁት ራሳቸው ሀምዳን ነበሩ፤ በሣቁ ቁጥርም መቃኑ ይጮሃል።

‹‹እትዬ ወለተሐና!›› የሚል ድምፅ ከአልጋው በኩል መጣ። ‹‹በቃ! ገብቶኛል!››

‹‹ገና አሥራ ሰባት ቀርቷል፣ ልጄ።››

‹‹ገብቶኛል አልኩ እኮ! ሰርጉ ጊዜ አርባው የት ነው የተቀመጠው?››

‹‹በዳሱ ነዋ።››

‹‹ዳሱ የታለ?››

‹‹የሰርግ ዳስ ከሰርግ በኋላ ምን ይሠራል? ፈረሰ።››

ወጣቱ ባለሙያ ከእጆች መካከል አንገቱን አወጣ። ‹‹እማማ፣ ይህን አልነገሩኝም!››

‹‹አልጠየቅከኝም፣ ልጄ።››

‹‹ስፋቱ አሥራ አራት ካሬ ሜትር ከስድሳ›› አሉ አቶ ዘሥላሴ ከሰው ሥር፤ ድምፃቸው እንጂ መልካቸው አይታይም። ‹‹መዝገቡ አሥራ አምስት ይላል። ይታረምልኝ።››

እስከዚህ ድረስ ወይዘሮ ወለተሐና ስለ ቤቱ አንዲት ክፉ ቃል አልተናገሩም፤ ደግሞም አልዋሹም። ነገር ግን ወይዘሮ ሠናይት ሥራቸውን የሚያውቁ ሴት ነበሩ። የሌይላን ልጅ በጉልበታቸው እንደያዙ መዝገባቸውን በልጁ ጀርባ ላይ ዘረጉ።

‹‹ስፋቱ ተፈታ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ እርሱ ካልተመለሰ ምድቡ አይለወጥም። እዚህ ዓመቱን ሙሉ ሰው አለ ብለው ፈርመዋል። እውነት ነው?››

‹‹ወጣ ብላ...›› ብለው ጀመሩ ወይዘሮ ወለተሐና፤ አልጨረሱትም። ለዚህኛው የሚጋበዝ ሰው አልነበረም። የሚያስፈልገው በሕይወታቸው ሙሉ ስለ ማንም ያልተናገሩት ቃል ነው። የወዳጃቸውን ስም ጠርተው፣ ወዳጃቸው በሕይወት እያሉ፣ የሉም ማለት። ሣቁ ቀስ በቀስ ረገበ።

ወይዘሮ ዙቤዳ ገና አልገቡም፤ በመስኮቱ በኩል ውጭ ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል። አንገታቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ።

‹‹ወለቴ!››

‹‹አቤት።››

‹‹በይው። አልሞትም።››

‹‹ከአፌ አይወጣልኝም፣ ዙቤዳ።››

‹‹ቆሜ እያየሽኝ አይደል? ስሚኝ፤ ከተናገርሽው መስከረም ላይ እመጣለሁ። ካልተናገርሽው ግን እውነትም አልመጣም። የቱ ነው ማሟረት?››

ወይዘሮ ወለተሐና ነጠላቸውን አስተካክለው ቀጥ ብለው ቆሙ።

‹‹የለችም›› አሉ፤ ድምፃቸው እስከ አጥሩ ተሰማ። ‹‹ከታኅሣሥ እስከ ነሐሴ የለችም። ቤቱ ባዶ ነው። በሩን የምከፍት እኔ ነኝ፤ አጭሼ እዘጋለሁ። የምትኖረው ከመስከረም እስከ ኅዳር ሦስት ወር ነው። የሌሎቹም የቆላ ሰዎች እንደዚሁ ነው፤ መምህር ደግሞ በታኅሣሥ መጥተው የካቲት ሳይገባ ይመለሳሉ።››

‹‹ጳጉሜንስ?›› አሉ አቶ ዘሥላሴ ከሥር።

‹‹ጳጉሜንም የለችም!››

‹‹አልሐምዱሊላህ!›› አሉ ወይዘሮ ዙቤዳ ከመስኮቱ፤ ደረታቸውንና ክንዳቸውን ነካ ነካ አድርገው ‹‹ይኸው፣ አለሁ›› አሉ። ቤቱ ውስጥ ማጨብጨብ የሚችል እጅ ስላልነበረ ሰዉ በእልልታ ብቻ መለሰ።

ወይዘሮ ሠናይት ብዕራቸውን አላስቀመጡም፤ የተከፈተውን አንደበት ሳይዘጋ ሊጠቀሙበት ፈለጉ። ‹‹ከአሥራ አንዱ ቤት ተከራይ ያለበት አለ?››

ወይዘሮ ወለተሐና ወደ ሀጂ ዓወል አዩ። ሀጂ ዓወል ወደ ጣሪያው አዩ።

‹‹የሀጂ የጓሮ ክፍል ሁለት አስተማሪዎች አሉበት። ዓመቱን ሙሉ።››

‹‹ወለተሐና!›› አሉ ሀጂ። ‹‹እውነት መናገር በእኔ ላይ ነው የምትለማመጂው?››

‹‹ያለንን ቤት ግብር እንከፍላለን ብላችሁ ጽፋችሁ የለ፣ ሀጂ?››

ዓረፍተ ነገሩን ያጸደቁት ራሳቸው ሀጂ ዓወል ነበሩ። የሁለት ሰው ጉልበት ከላያቸው ላይ ሳይነሣ ‹‹እከፍላለሁ፣ እከፍላለሁ›› አሉ።

ቀጥሎ የተሠራው ሥራ ሀምዳንን ከበሩ ማውጣት ነበር። ሁለት ሰው ከውጭ ሲጎትት አምስት ሰው ከውስጥ ገፋ፤ ወጡ፤ መቃኑም አብሮ ወጣ። ቃለ ጉባኤው በዚያው በአልጋው ላይ ተጻፈ። አሥራ አንዱም ቤቶች ወደ መኖሪያ ቤት ምድብ ተመለሱ፤ በዓመት ከሦስት ወር በላይ የማይኖርባቸው መሆኑም ተመዘገበ፤ የሀጂ ዓወል የጓሮ ክፍል ለብቻው በኪራይ ተመደበ። ግማሽ ካሬ ሜትር የማይሞላው የአቶ ዘሥላሴ ቅሬታ ግን አልተፈታም፤ ቅጹ ነጥብ አይቀበልም ተባሉ። በጽሑፍ እንዲሰጣቸው ጠየቁ፤ ተሰጣቸው። ወጣቱ ባለሙያ ቃለ ጉባኤውን ካስፈረመ በኋላ ወይዘሮ ወለተሐናን ወደ ጎን ጠርቶ፣ በቀሩት ቀበሌዎች ሲመዘግብ ጎረቤትን ምን ብሎ ቢጠይቅ ልኩን እንደሚያገኝ አማከራቸው።

‹‹አትጠይቅ›› አሉት። ‹‹ሜትር ይዘህ ግባ፤ ከዚያ ጎረቤት እንደፈለገ ያመስግን።››

ዝናቡ ያባራው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ወራቱ የሐዋርያት ጾም ነበርና ክርስቲያኑ ከቅዳሴ መውጫ በፊት አይቀምስም፤ ሙስሊሞቹም ብቻችንን አንበላም ብለው ጠብቀዋል። ጾሙ ሌላም ጥቅም ነበረው፤ ሥጋ ስለሌለ የማን ቢላዋ አረደው የሚባል ጥያቄ አልተነሣም፤ ሽሮውን፣ ድፍን ምስሩንና ጎመኑን ሁሉም ከአንድ ትሪ በላ። ሰዉ በእርጥቡ ሣር ላይ ከረጢት አንጥፎ በግቢው ተደረደረ። ወይዘሮ ሠናይት ሰዓታቸውን አይተው ‹‹እንሂድ›› አሉ፤ ከዚያ ግን አንድ ጉርሻ መጣባቸው፣ ሁለተኛው ተከተለ፤ ከመሄዳቸው በፊት ሌላ አንድ ሰዓት አለፈ።

ወይዘሮ ዙቤዳ እጃቸውን ታጥበው ስልካቸውን አወጡ፤ መነጽራቸውን ይዘው ስለመጡ ቁጥሩን ራሳቸው ፈልገው አገኙት። የጫጫው ነጋዴ አነሣ።

‹‹አብሽር፣ ደኅና ነኝ። ስለ ቤቱ ነው የደወልኩት... አልሸጠውም። የለም፣ ዋጋው አይደለም... ብትጨምርም አልሸጠውም። ለምስርህ ሌላ ቦታ ፈልግለት።››

ጥቂት አዳመጡ።

‹‹እንዲያውም እሱን ልጠይቅህ ነበር›› አሉ። ‹‹ጫጫ ጥሩ በር የሚሠራ አናጢ ታውቃለህ? ሰፋ ያለ በር።››

ወይዘሮ ወለተሐና ከትሪው ቀና ብለው አዩዋቸው። ‹‹ምን ያህል ሰፋ ያለ?››

‹‹ሀምዳን የሚያልፍበት።››

‹‹እሱን ለማንም ሹም እንዳትነግሪ›› አሉ ወይዘሮ ወለተሐና፣ እንጀራውንም ወደ ጓደኛቸው በኩል ገፋ አደረጉት።